ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ሳል፦ የትኛው ይጠቅማል? የትኛውስ ያሠጋል?



በሐይፋና በቅሪዮት ከምንኖር ቤተሰቦች መካከል አባት ወይም እናት፣ አያት ወይም ልጅ ለቀዶ ሕክምና ወደ ራምባም፣ ወደ ካርሜል ወይም ወደ ብኔ ጽዮን ሆስፒታል ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ከሆስፒታል የተመለሱ ሽማግሌዎቻችንን ልንጠይቅ ስንሄድ ሁለት ነገር ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው «ሳል ሳይኖርብኝ ገብቼ እያሳለኝ ወጣሁ፤ ምን አደረጉኝ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሳሉ ሲመጣብኝ ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት፤ ስፌቱ ይተረተራል ብዬ ፈራሁ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል መልስ አለው። እኛን የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳሉን አፍኖ የሚተኛ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ቁስሉ እየዳነ ሳለ በሳንባው ሊታመም ይችላልና።

ማደንዘዣው ምን ያደርጋል?

አጠቃላይ ማደንዘዣ (በዕብራይስጥ «ሀርዳማ ክላሊት» የሚሉት) ሰውን የሚያስተኛው እንደ ሌሊት እንቅልፍ አይደለም። ጡንቻ ይዝላል፣ ትንፋሽ ይዳከማል ወይም ይቆማል። ምራቅ ወይም ከሆድ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ የሚጠብቀን ሳልም አብሮ ይተኛል። ስለዚህ መርዲሙ፣ ማለትም የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ሰውየው ካንቀላፋ በኋላ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ በአፉ በኩል ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ያስገባል። የአዋቂ ሰው ቱቦ ውስጡ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጫፉ ላይ በአየር የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አለችው፤ ፊኛዋ ዙሪያውን ዘግታ ፈሳሽ ወደ ታች እንዳይወርድ ትከላከላለች። ቱቦው የሚገባው በድምፅ አውታሮች መካከል ነው። ቀዶ ሕክምናው አልቆ ሰውየው ሲነቃ ይወጣል፤ ብዙ ሰው መግባቱንም መውጣቱንም አያስታውስም።

ታዲያ ያ ቱቦ ለአንድ ሰዓትም ሆነ ለአራት ሰዓት የተቀመጠበት ጉሮሮ መከርከሩ፣ ድምፅ መጎርነኑ፣ ደረቅ ሳል መምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን፣ ሲቆይ በአንድ ሳምንት ይለቃል። መጠጣት ሲፈቀድ ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ለብ ያለ ሻይ መጠጣት ይረዳል። የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው ማር ጠብ ቢያደርግበት እኛም አንከለክልም። የድምፅ መጎርነኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በአጭር ቀዶ ሕክምና ጊዜ ቱቦው እስከ ትንፋሽ ቧንቧ ሳይወርድ ከጉሮሮ በላይ የሚቀመጥበት መንገድም አለ። ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ በጀርባ የተወጋ ሰው ደግሞ ጭራሹን ቱቦ ላይገባለት ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሳንባ የምንለው ለብዙዎቹም ይሠራል፤ ምክንያቱም ተኝቶ መዋል ያው ነው።

ሳንባ ለምን ሳል ይፈልጋል?

ሳንባችን ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። አጠቃላይ ማደንዘዣ ከሚወስዱ አሥር ሰዎች በዘጠኙ ያህል ከእነዚህ ከረጢቶች የተወሰኑት፣ በተለይ በጀርባ በኩል ያሉት፣ አየር አጥተው ይጣበቃሉ። ይህም የሚጀምረው ሰውየው በተኛ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮችም ይሰንፋሉ። ሰውየው ሲነቃ አክታው ታች ተጠራቅሞ ይቆየዋል። ጤናማ ሰው ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ፣ በረጅሙ ሲተነፍስና ሲያስል ከረጢቶቹ ተመልሰው ይከፈታሉ፣ አክታውም ይወጣል።

ሆዱ ወይም ደረቱ የተቀደደ ሰው ግን በረጅሙ መተንፈስ ያመዋል። ስለሚያመውም አጭር አጭር ይተነፍሳል፤ ሳሉንም ይይዛል። ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሲሰጠው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ሳልንና ትንፋሽን ያቀዘቅዛል። አክታው ባለበት ይቀራል፤ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይነሣል። ሐኪሞቹ «ዳሌኬት ሬኦት» ይላሉ፤ በአማርኛ የሳንባ ምች የምንለው ነው።

እዚህ ላይ የሽማግሌዎቻችን ጨዋነት ይጎዳቸዋል። ነርሷ መጥታ «ያምዎታል?» ስትላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ሰው ማስቸገር ነውር ሆኖ ያደጉ ናቸውና ፀጥ ብለው በጀርባቸው ይተኛሉ፤ ነርሷም እውነት መስሏት ትሄዳለች። ልጆቻቸው ይህን ማስረዳት አለባቸው፦ በሆስፒታል «ያመኛል» ማለት ማማረር አይደለም። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር እንዲናገሩ ሲጠየቁ፣ ዝም ብለው ሲተኙ የሚሰማቸውን ሳይሆን ሲያስሉ የሚሰማቸውን ቁጥር ይናገሩ። ለማሳል የሚያስፈራ ሕመም ካለ ማስታገሻው አልበቃም ማለት ነው። በተቃራኒው ማስታገሻ የወሰደ ሰው ጭልጥ ብሎ እየተኛ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ ወይም ትንፋሹ በጣም ከዘገየ፣ ያኔም ሳይውል ሳያድር ነርስ መጠራት አለበት።

እንዴት ይታሰላል?

ስፌት በሳል ይተረተራል የሚለው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሲያስሉ ቁስሉ ይሳባል፣ ያማልም። ነገር ግን ሐኪሙ የሰፋው ሰው እንደሚያስል አውቆ ነው። የሚያስፈልገው ቁስሉን መደገፍ ነው። ዘዴው ይህ ነው፦ አልጋው ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ቢቻል እግርዎን ወደ ታች ያውርዱ። ትራስ ወይም የተጣጠፈ ፎጣ ቁስሉ ላይ ያድርጉና በሁለት እጅዎ አቅፈው ጠበቅ ያድርጉት። በአፍንጫዎ ቀስ ብለው በረጅሙ አየር ያስገቡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ያህል ይያዙት፣ በአፍዎ ያውጡት። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ትራሱን አጥብቀው ከሆድዎ ያስሉ። አክታ ከመጣ ይትፉት፤ ቀለሙን ለነርሷ ያሳዩ፣ አያፍሩ። ሳሉ በጣም ካመመ አፍዎን ከፍተው መስተዋት ላይ እንፋሎት እንደሚያሳርፍ ሰው «ህህ» እያሉ በኃይል ማስተንፈስም አክታውን ወደ ላይ ያመጣዋል። ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ይህን ያድርጉ። ማስታገሻው ከተሰጠ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማድረጉ ይቀላል።

በብዙ ክፍሎች ኳሶች ያሉበት የፕላስቲክ መሣሪያ ይሰጣል። አንዳንድ ሰው የልጅ መጫወቻ መስሎት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ሌላው ደግሞ ይነፋበታል። መሣሪያው የሚሳብበት ነው፤ አየሩን ወደ ውስጥ በቀስታ ሲስቡ ኳሶቹ ከፍ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ብቻውን ብዙ እንደማይረዳ ጥናቶች ያሳያሉ። ጥቅሙ በረጅሙ መተንፈስን ማስታወሱ ላይ ነው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሣሪያውን ከሌሎች ነገሮች ጋር አንድ ላይ አድርጎ ሞክሮት ነበር፦ ማሳልና በረጅሙ መተንፈስ፣ ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ መፋቅ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ ከአልጋ መነሣት፣ ቤተሰቡንም አስቀድሞ ማስተማር። በ2013 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳንባ ምች የተያዙት ከ100 ሕመምተኞች 2.6 የነበሩት ወደ 1.6 ወርደዋል። አዲስ መድኃኒት የለበትም፣ ውድ መሣሪያም የለበትም። ጥርስ መፋቁ ለምን ገባ ለሚሉ፣ በአፍ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ነው ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ የሚወርደው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለውም ያጥበው።

ስለ መነሣት አንድ ነገር እንጨምር። በእኛ ባህል የታመመ ሰው ይተኛል፣ ይሸፈናል፣ ጠያቂው ዙሪያውን ይቀመጣል። ነርሷ ቀዶ ሕክምና በተደረገ ማግስት፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን «ይነሡ፣ ይራመዱ» ስትል ጭካኔ ይመስላል። ጭካኔ አይደለም፤ መራመድ ሳንባን ይከፍታል፣ በእግር ውስጥም ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ስለዚህ ሊጠይቁ የሚሄዱ ዘመዶች ከወንበር ይልቅ ክንዳቸውን ያቅርቡ፤ በኮሪደሩ እየደገፉ ያመላልሷቸው። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ግን የሐይፋ ደረጃ ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው ዳገት ላይ ለሆነ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥና በሜዳማ መንገድ መራመድ ይበቃል። ደረጃውን መቼ መጀመር እንደሚቻል ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ይጠይቁ።

በዓይን፣ በጭንቅላት ወይም በጆሮ ላይ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው በኃይል ማሳል ላይፈቀድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው «ላስል ወይስ አላስል?» ብሎ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለመርዲሙ የሚነገር

የማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድሞ ያነጋግርዎታል፣ አፍዎንም ከፍተው እንዲያሳዩት ይጠይቅዎታል። ከሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው በአገር ቤት እንጥላቸው የተቆረጠ ነው። ሐኪሙ እንጥል ሲያጣ ግር ሊለው ይችላልና «በልጅነቴ ተቆርጧል» ብሎ መንገር ጥሩ ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ይነገር፤ ቱቦው ሲገባ እንዳይወልቅ ይጠነቀቃሉ። ከዚያ በፊት የነበረ ሳል፣ ጉንፋን፣ አስም ካለ አይደበቅ። የሚያጨስ ሰው፣ ናርጊላም ቢሆን፣ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ቢያቆም ሳንባው ይጠቀማል። ለደም ግፊት ኤናላፕሪል ወይም ራሚፕሪል የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችል ይወቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቁመው፣ ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ጾሙም እንናገር። በ1946 ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ በወሊድ ጊዜ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው ሴቶች መካከል በ66ቱ ከሆዳቸው የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባቸው እንደገባ ጽፎ ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሆድ ባዶ የሚደረገው ለዚህ ነው። ይህ ጾም ግን የኪፑር ወይም የስግድ ጾም አይደለም፤ ባበዙት ቁጥር ዋጋው አይጨምርም። የተለመደው ሕግ ከቀላል ምግብና ከወተት 6 ሰዓት፣ ቅባት ከበዛበት ምግብ ከዚያ በላይ፣ ከንጹሕ ውኃ ግን 2 ሰዓት መከልከል ነው። ወተት የሌለበት ቡና ወይም ሻይ እንደ ውኃ ይቆጠራል፤ ወተት ከገባበት እንደ ምግብ ነው። ሆስፒታሉ የተለየ ሰዓት ከሰጠዎት የእርሱን ይያዙ። ከማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ የሚመጡ እናቶች አሉ፤ ደርቀውና ራሳቸውን አሟቸው ይገባሉ፣ አክታቸውም ይወፍራል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለስኳር ወይም ለክብደት እንደ ኦዜምፒክ ያለ መርፌ የሚወጋ ሰው ደግሞ ይህን አስቀድሞ ለመርዲሙ መንገር አለበት፤ መርፌው ሆድ ቶሎ እንዳይባዶ ያደርጋልና።

ይህን ሁሉ በዕብራይስጥ መናገር ለማይችል ሰው፣ በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳው ያዛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁ አስታውቋል። የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ለአያቱ ስለ ማደንዘዣ እንዲያስተረጉም አታድርጉት፤ ልጁም ይፈራል፣ አያትም ከልጁ ፊት የሚሸሽጉት ይኖራል።

የሚያሠጋው ሳል የትኛው ነው?

ሳል ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካስከተለ፣ አክታው ወደ ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ዝገት መልክ ከተለወጠ፣ ወይም በየቀኑ ከመቅለል ይልቅ ከበረታ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች የሳንባ ምች ትኩሳት ሳያሳይ ሊመጣ ይችላል። ትናንት ያወራ የነበረ ሰው ዛሬ ግራ ከተጋባ፣ ምግብ ከተወ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ይጠርጠር። በድንገት የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ፣ ደረት ሲወጋ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ ወይም አንድ እግር አብጦ ሲያም ግን ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ኩፓት ሆሊም ቀጠሮ አይያዝም፤ ወደ 101 ይደወላል።

በጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ሁላችንም አይተናታል። ጠቃሚ ናት፤ ነገር ግን ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። በ2020 ከአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 ያሳየችላቸውን ሕመምተኞች ደም መርምሮ ነበር። ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ የሆኑት በእውነት ያላቸው ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ነው ቢባልም ትንፋሽ ያጠረው ሰው «ትንፋሽ አጥሮኛል» ይበል፤ በዕብራይስጥ «ኮጼር ነሺማ» ነው። ካልሰሙት ይድገመው፤ የደም ምርመራም ይጠይቅ።

ስለ ልጆች

ልጃችሁ ሽኬዲም (ቶንሲል) ለማስወጣት ወይም ለሌላ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዞ ጉንፋን ከያዘው አስቀድማችሁ ደውሉ። ቀጠሮው እንዳያልፍ ብላችሁ አትደብቁ፤ የተቆጣ የልጅ ጉሮሮ በማደንዘዣ ጊዜ በቀላሉ ይዘጋልና ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ከነቃ በኋላ እንደ ውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል ወይም ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ ለነርሷ ወዲያው ንገሯት። ቶንሲል የወጣለት ልጅ ቤት ከገባ በኋላም፣ በተለይ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ቀይ ደም ከተፋ ወይም በእንቅልፉ ደጋግሞ ከዋጠ ቀጥታ ወደ ሚዩን ይወሰድ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ለልጅ አይሰጥ። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ለአዋቂም ቢሆን ሳልን የሚያቆም ሽሮፕ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድ፤ መውጣት ያለበትን አክታ ያስቀራል። ስለ ዳማከሴ የሚጠይቁን አሉ። ዳማከሴ አገር ቤት ለምች ሲታሽ ያደግን ሰዎች የሳንባ ምች የሚለውን ስም ስንሰማ ያው መድኃኒት ይመስለናል። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ በሽታው ሌላ ነው፤ የሳንባ ምች ሐኪም የሚያዝዘውን መድኃኒት ይፈልጋል። ብርድ እንዳይገባ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ በከሰል ወይም በዕጣን ጢስ ውስጥ መተኛትም ለደከመ ሳንባ ጥሩ አይደለም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠውን የመልቀቂያ ደብዳቤ በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰብ ሐኪምዎ ይውሰዱ፤ ሳሉ አለ ወይም የለም ብለውም ይንገሩ። ሦስት ሳምንት አልፎት ያልለቀቀ ሳል የቱቦው ነው ተብሎ አይታለፍ። የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለበት ደግሞ ሐኪሙ የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ሊያዝዝ ይችላል፤ ከዓመታት በፊት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ሰውነት ሲደክም ሊነሣ ይችላልና። ነቀርሳ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ምርመራውን ለጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ ማዘግየት ግን አብረው የሚኖሩትን ልጆችም ያጋልጣል።